አሥራ ስምንት ኩርኩም

ባለፈው ኅዳር፣ ደብረ ታቦር ላይ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በጀመርሁ በሁለተኛው ወር፣ የእንግሊዝኛ መምህራችን የታረመውን የፈተና ወረቀት ይዘው ገብተው ጫጫታው አልበርድ ሲላቸው ጠረጴዛውን በጣታቸው አንጓ ቋ፣ ቋ፣ ቋ አደረጉት። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ ግን ሳላስበው ቀኝ እጄን ብብቴ ውስጥ ደብቄ አገኘሁት። ያ ድምፅ ለእኔ የጠረጴዛ ድምፅ አይደለም፤ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ በየሰኞው ጠዋት እሰማው የነበረ ድምፅ ነው። የሰው አናት በጣት አንጓ ሲመታ እንደ ደረቅ ቅል ነው የሚጮኸው፤ ይህንንም ያወቅሁት ከተመታሁት ይልቅ በመታሁት ነው።

ቤታችን ከገሳይ ከተማ በላይ፣ ወደ ጉና በሚወጣው ዳገት ላይ ነበር። ገብስና ድንች እንዘራለን፣ ጥቂት ከብትና አንድ ፈረስ ነበረን። ወንድሜ ይበልጣል በሦስት ዓመት ይቀድመኛል፤ ነገር ግን አራተኛ ክፍል እንደጨረሰ ጣራ ገዳም አካባቢ ከአንድ የኔታ ዘንድ ተልኮ ሦስት ዓመት ተቀምጦ፣ መዝሙረ ዳዊትን በቃሉ ይዞ ስለተመለሰ፣ በዚያ መስከረም እሱ በአሥራ አራት ዓመቱ፣ እኔ በአሥራ አንድ ዓመቴ አንድ ክፍል ገባን። እንቁጣጣሽ ባለፈ በሳምንቱ አባታችን ሁለታችንንም አስጠርተው ከፊታቸው አቆሙን። ፈረሱ ወገባቸውን ከረገጣቸው ወዲህ ሞፈር መጨበጥ ቀርቶ እንጨት መፍለጥም አቅቷቸው ነበር።

«የዘንድሮውን የአጎታችሁ ልጅ ያርስልኛል» አሉ። «ለከርሞ ግን ከሁለታችሁ አንዳችሁ ቤት ትቀራላችሁ። ሰኔ ላይ ካርዳችሁን አምጡ፤ ያነሰው ይቀራል። ሴት ናት፣ ወንድ ነው አልልም።»

እናቴ ታናሿን እህታችንን ማሬን አዝላ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ወንድምና እህት እንዲህ ያፎካክሯል?» አለች።

«ወገቤን መልሺልኝና ሁለቱንም አስተምራለሁ» አሏት። እናቴ ማሬን አወዛውዛ ወጣች።

በትምህርት ቤታችን በየዓርቡ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ፈተና ነበረን፤ ዐሥር ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ይጻፍና ትክክለኛውን መልስ መርጠን እንሰጣለን፣ ሰኞ ጠዋት ታርሞ ይመጣል። መምህራችን ቀጭን፣ ንጹሕ ሹራብ የሚለብሱ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ፤ እሳቸው ራሳቸው ተማሪ መምታት አይወዱም ነበር። ሙሉ ያገኘውን ልጅ ጠርተው የታረመውን ወረቀት ሁሉ ያስታቅፉትና፣ በየወንበሩ እየዞረ ለእያንዳንዱ ስህተት አንድ ኩርኩም እንዲሰጥ ያዙት ነበር። «ስህተቱ ወረቀቱ ላይ አይደለም፣ እዚህ ነው ያለው» ይሉና የራሳቸውን ግንባር ይነኩ ነበር፤ «አንኳኩና አስወጡት።» ክፍሉ ደግሞ የእንግሊዝኛ ቁጥር እንዲለማመድ እያንዳንዱን ኩርኩም ጮክ ብሎ ይቆጥር ነበር።

የመጀመሪያው ሰኞ ሙሉ ያገኘሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። ወረቀቱን ታቅፌ ዞርሁ፤ ወንድሜ ጋ ስደርስ ሰባት ስህተት ነበረበት። ረጅም ስለሆነ ተቀምጦም አናቱ አይመቸኝም፤ ጎንበስ አለልኝ። እኔም ጣቴን እንደ ነገሩ አሳርፌ ላልፍ ስል መምህራችን «ነይ እስኪ ላሳይሽ» ብለው ጠሩኝ፣ አንዴ ብቻ አናቴ ላይ አሳዩኝ፣ ዓይኔ በእንባ ተሞላ። ተመልሼ ስሄድ ወንድሜ አንገቱን እንዳቀረቀረ በሹክሹክታ «ምቺ፣ የሺ፣ ምን ሆነሻል?» አለኝ። «የኔታ በአለንጋ ነው ያሳደጉኝ፤ ያንቺማ የዝንብ ነው።» መታሁት። «ዋን፣ ቱ፣ ስሪ» አለ ክፍሉ። ከኋላ ወንበር አንዱ ልጅ፣ ወንድሜን አጎንብሶ ሲያየው፣ «አባ፣ ይፍቱን!» ብሎ ጮኸ፤ መምህራችን ሳይቀሩ ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ አባ ይፍቱን ሆኖ ቀረ።

በጥቅምትና በኅዳር፣ ገብሱ ታጭዶ አውድማው ላይ ሲከመር፣ አንድ ነገር እያወቅሁ መጣሁ። ወረቀቱን የምትይዘው ልጅ የሁሉንም ስህተት ታያለች። አርባ ልጅ የት የት እንደሚወድቅ፣ ለምን እንደሚወድቅ፣ ብዙዎቹ በምን እንደሚታለሉ በየሰኞው እያነበብሁ፣ እየመታሁ፣ እየያዝሁ እሄድ ነበር፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ዓርብ ያንን ስህተት እኔ አልሠራውም፣ ስላልሠራሁም ወረቀቱ ተመልሶ ወደ እኔው ይመጣል። ሌላው ልጅ ግን የሚያየው የራሱን ቀይ ምልክት ብቻ ነበር፣ እሱንም አናቱን እያሻሸ። ሰው ከስህተቱ ይማራል ሲባል ስሰማ ዛሬም የሚመጣብኝ ይህ ነው፤ እኔ የተማርሁት ከሌሎች ስህተት ነው፣ ያውም እያስለቀስኋቸው።

ወንድሜ ግን አልሰነፈም። የኔታ ዘንድ እንደለመደው፣ የታረመውን ወረቀት ጥያቄውን ከነመልሱ፣ ከላይ እስከ ታች በቃሉ ይይዘው ነበር። ከአውድማው ዳር ቆሞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዘ የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር በዳዊት ዜማ ሲያወርደው በሬዎቹ እንኳ ጆሯቸውን ያቆሙ ይመስለኝ ነበር። ሐሙስ ሲደርስ አንድ ፊደል አይስትም። ዓርብ ግን ያው ዓረፍተ ነገር ባለቤቱን ቀይሮ፣ የግሡን ጊዜ ቀይሮ ይመጣና፣ ወንድሜ ያንኑ የያዘውን መልስ ይጽፋል። እናቴ «ጭንቅላቱ እኮ ጎተራ ነው» ትል ነበር። አባቴም ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል፤ እኔን ግን «ጎሽ» ያሉበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ጥር ላይ የግማሽ ዓመት ካርድ ተሰጠ። በአማርኛም፣ በሒሳብም፣ በሳይንስም ወንድሜ በልጦኝ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ግን እኔ እጅግ ስለራቅሁት፣ ሁሉም ሲደመር በሦስት ነጥብ አሸነፍሁት። ሦስት ነጥብ ብቻ! በዚያ ሳምንት ከትምህርት ቤት ስንመለስ፣ ዳገቱ ሥር ደርሰን ትንፋሽ ለመሰብሰብ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጥን፣ ጠየቀኝ።

«የሺ፣ እስኪ ንገሪኝ። ወረቀቱን ልቅም አድርጌ እይዘዋለሁ፣ ዓርብ ሲመጣ ግን እንደ አዲስ ነው። አንቺ ምንድን ነው የምታደርጊው?»

አውቀው ነበር። በአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ቋንቋም ቢሆን ልነግረው እችል ነበር፤ «መልሱን ተወው፣ ለምን እንደተሳሳትህ ጠይቅ፣ ጥያቄው ልብሱን ለውጦ ነው የሚመጣው» ማለት ብቻ ነበር። ሦስቱን ነጥብ አሰብሁ። እሱ ይህቺን አንዲት ነገር ካወቀ ሰኔ ላይ እኔ ቤት እንደምቀር ታየኝ።

«እንደ ዳዊት በቃልህ ያዘው» አልሁት። «አንዲት ፊደል እንዳታስቀር። እኔም የማደርገው እንደዚያ ነው።»

«በቃል ከሆነማ ማን ይችለኛል!» ብሎ ሳቀና ብድግ አለ። ደክሞኝ ስላየኝ ደብተሬን ተቀብሎኝ እስከ ቤት ድረስ ተሸከመልኝ።

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ የሚታወሰኝ እጄ እየጠነከረ በመሄዱ ነው። ልጆቹ እንዳላጠብቅባቸው የተቀቀለ ድንች በወረቀት ጠቅልለው ያመጡልኝ ነበር፤ ድንቹን በልቼ፣ መምህራችን እያዩኝ ከሆነ አጥብቄ እመታ ነበር። መምህራችን «የሺ ቀልድ አታውቅም» ሲሉኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ይለኝ ነበር። ወንድሜ ምንም አላመጣልኝም። ስቀርብ ብቻ ሳልጠይቀው ያጎነብሳል፣ ክፍሉ «አባ፣ ይፍቱን!» ይላል፣ እኔም እመታለሁ። ማታ ቤት ስንገባ ስለዚህ አናወራም። እሱ የአዲሱን ሳምንት ወረቀት ከድሮዎቹ ላይ ደርቦ፣ ከመስከረሙ ጀምሮ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ያወርደዋል፤ ሰኔ ሲደርስ የዓመቱ ፈተና በሙሉ በቃሉ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ያደረገ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

ሰኔ ገባ። ጉና በጉም ተሸፈነ፣ የክፍሉ ቆርቆሮ በዝናብ ስለሚጮህ መምህራችን የዓመቱን መጨረሻ ፈተና ሲሰጡ መመሪያውን ሦስት ጊዜ ደጋገሙት። ሃያ ጥያቄ ነበር። አዲስ አላወጡም፤ ዓመቱን ሙሉ የሰጡንን ዓረፍተ ነገሮች ወስደው፣ የትናንቱን የነገ፣ የአንዱን ሰው የብዙ ሰው እያደረጉ ቀያየሯቸው። ወንድሜ ከሁሉም ቀድሞ ጨርሶ ወጣ። ደጅ ላይ፣ ከጣሪያው ጠብታ ሥር ቆሞ ሲጠብቀኝ ፊቱ ያበራ ነበር።

«የሺ፣ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ! አንዱ እንኳ አዲስ አልነበረም።»

«እሰይ» አልሁት።

ሰኞ ወረቀቱን ታቅፌ ዞርሁ። የወንድሜ ወረቀት ከታች ነበር፤ ከሃያው አሥራ ስምንቱ ቀይ ነው። እሱም ከሩቅ አይቶት ነበር መሰለኝ፣ እንደ ሌላው ጊዜ አላጎነበሰም፤ ከወንበሩ ወጥቶ ጭቃ በረገጥነው ወለል ላይ ተንበረከከልኝ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ፣ «አባ፣ ይፍቱን!» ክፍሉን ሞላው፣ መምህራችን ሰዓታቸውን አይተው «ቶሎ በይ» አሉኝ። ጀመርሁ። ክፍሉ ይቆጥራል። ዐሥራ አንድ ላይ የመሐል ጣቴ አንጓ ቆዳው ተላጦ ኖሮ፣ የወንድሜ ፀጉር ላይ ደም አየሁ፤ የእሱ መስሎኝ ቆምሁ። ቀና ብሎ እጄን አየው።

«ያንቺ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «በግራሽ ጨርሺው።»

በግራዬ ጨረስሁት።

ካርዱ ሲሰጥ በአምስት ነጥብ በለጥሁት። አባታችን ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን ይዘው አመሳከሩ፣ ከዚያ የወንድሜን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። እናቴ ወደ ጓዳ ገባች። ማንም ሳይጠይቀው ወንድሜ ራሱ «ድንቹ ለኩትኳቶ ደርሷል፤ ነገ እጀምረዋለሁ» አለ። በማግሥቱ ከእንቅልፌ ስነቃ እሱ ማሳው መሐል ነበር። መስከረም ላይ ደብተሬን የሚሸከምልኝ ሰው ስላልነበረ ዳገቱን ብቻዬን ወጣሁ።

አሁን ጎበዝ ገበሬ ነው፤ እኔን እስከ ዩኒቨርሲቲ ያደረሰኝ የእሱ እርሻ ነው። ባለፈው ጥር ለዕረፍት ወደ ቤት ስሄድ ገሳይ ከመኪና መውረጃው መጥቶ ተቀበለኝ፣ ሻንጣዬንም ተሸክሞ ዳገቱን ወጣ። በማግሥቱ ከሰዓት፣ አባታችን ፀሐይ እየሞቁ፣ ወንድሜ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጠፍር እየገመደ፣ ማሬ አጠገቡ ቆማ ስትወዛወዝ አገኘኋቸው። ማሬ ዘንድሮ አራተኛ ክፍል ናት። በእጇ ቀይ የበዛበት የእንግሊዝኛ ፈተና ይዛለች።

«እንደ ዳዊት በቃልሽ ያዢው» ይላታል። «አንዲት ፊደል እንዳታስቀሪ። እኔን ጭንቅላቴ እምቢ ብሎኝ ነው እንጂ፣ ዘዴው የየሺ ነው። የት እንደደረሰች ታያለሽ?»

ማሬን እጇን ይዤ አስቀመጥኋት። ወረቀቱን ተቀበልኋትና መልሶቹን በመዳፌ ሸፍኜ፣ «እነዚህን ተያቸው። መጀመሪያ ለምን እንደተሳሳትሽ ንገሪኝ» አልኋት። ግራ ገባት፣ ሞከረች፤ ባለቤቱን ቀየርሁላት፣ የግሡን ጊዜ ቀየርሁላት፤ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ «ውይ፣ ይኸው ነው እንዴ!» ብላ ሳቀች። ያን ጊዜ ነው የጠፍሩ ድምፅ መቆሙን ያስተዋልሁት።

ወንድሜ ወረቀቱን ሳይሆን እኔን ያየኝ ነበር። ቀስ ብሎ መዳፉን አናቱ ላይ፣ ያኔ ኩርኩሙ ያርፍበት በነበረው ቦታ፣ አሳረፈ።

«የሺ» አለኝ፣ «ይህን መቼ አወቅሽው?»

አባታችን ዓይናቸውን ገለጡ። ማሬ አፌን አፌን ታየኛለች።

«አሁን» አልሁት። «ዩኒቨርሲቲ ገብቼ።»

«ታዲያስ» አለ። «እኛን ያኔ ማን ሊነግረን።» ጠፍሩን አንስቶ መግመድ ቀጠለ።

ዛሬ በምማርበት ክፍል መምህራችን የታረመውን ወረቀት አጥፈው ለየባለቤቱ ይሰጣሉ፤ ማን ስንት እንደተሳሳተ ሌላው አያይም፣ የሚመታም የሚያጎነብስም የለም። ያኔ ወንድሜን ስመታው ክፍሉ ሁሉ ጮክ ብሎ ይቆጥርልኝ ነበር፣ እስከ አሥራ ስምንት። አሥራ ዘጠነኛውን፣ ባለፈው ጥር ደጃፉ ላይ በአፌ የመታሁትን፣ የቆጠርሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ።