ካፊያ የሚለው ስም አዳማ እንዴት እንደገባ

የሰው ስም አልጠራም። የአማቴንም፣ የባለቤቴንም፣ የጎረቤቶቼንም ስም እዚህ አትፈልጉ። ልጆቻቸው አሉ፤ ነገ መንገድ ላይ ይዘው «ምን ብለሽ ጻፍሽብን?» እንዲሉኝ አልፈልግም። አንድ ስም ብቻ አነሳለሁ፣ ነገሩ ሁሉ የሱ ስለሆነ። ካፊያ።

ካፊያ የምትባል ሴት ዛሬም ብዙ አታገኙም፣ ግን አሉ። አዳማ አሉ፣ ሞጆ ሁለት አውቃለሁ፣ ሁሩታም አለች ይላሉ። ሁሉም ስለ ስማቸው አመጣጥ የየራሳቸው ወሬ አላቸው። አንዷማ አባቷ በሕልሙ አይቶ እንዳወጣላት ለእኔ፣ ለእኔው ለራሴ፣ እየማለች ነገረችኝ። እሺ አልኳት። ምን ልበላት? አዳማ ውስጥ በዚያ ስም የተጠራችውን የመጀመሪያዋን ሕፃን የወለድኩት እኔ ነኝ ብላት ታምነኛለች?

የተዳርኩት ባቡሩ አዳማ ከገባ አሥር ዓመት ያህል ሆኖት ነው፣ ጣሊያን ሳይመጣ። ከተማው ያኔ ጣቢያውና ገበያው ነው፤ የቀረው አቧራ ነው። ናዝሬት የሚለው ስም ገና አልመጣም ነበር። በኋላ ለከተማዋም እንደ ሙሽራ አዲስ ስም አወጡላት፤ እኛ ግን አዳማ ማለታችንን አልተውንም።

እንደ ሙሽራ ያልኩት በከንቱ አይደለም። በአማቴ አገር፣ በምንጃር፣ ሙሽራ አማቷ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች፤ የልጅነት ስሟ እዚያው እናቷ ቤት ይቀራል። አማቴ ባላቸው የሞተባቸው እህል ነጋዴ ነበሩ። ጤፉ ከአገራቸው፣ ስንዴው ከአርሲ በአህያ ይመጣላቸዋል፤ በጆንያ ተሰፍቶ በባቡር ይሄዳል። ከአርሲ ነጋዴዎች ጋር «አካም ቡልቴ» ብለው ከጀመሩ ኦሮምኛቸው ከአማርኛቸው ይፈጥናል፤ ሲዋዋሉ ደግሞ ወንዱ ሁሉ ያፍራቸዋል። እንዲህ ያለች ሴት ስም አወጣችልኝ ማለት ነው።

ከመልስ በተመለስን ማግስት ጎረቤቱን ሰብስበው ተናገሩት። ስሙ ክፉ አልነበረም። እውነቱን ልናገር፣ ከራሴ ስም ያምራል፤ ብዙ ወርቅና ብዙ ሙላት ያለበት ስም ነው። ግን የእኔ አይደለም። የእኔን ያወጣልኝ አባቴ ነው። አባቴ ሐዲድ ላይ ሲሠራ ወባ ይዞት ሞተ። ቤት አልተወልኝም፣ ከብት አልተወልኝም፤ ስሜን ብቻ ነው የተወልኝ። እሱንም ይውሰዱት?

ስለዚህ አማቴ ባወጡልኝ ስም ሲጠሩኝ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። አንዴ ይጠራሉ፣ ዝም። ሁለቴ ይጠራሉ፣ ዝም። «አንቺ!» ሲሉ ግን «አቤት እማማ!» ብዬ እየሮጥኩ እደርሳለሁ፤ ባለጌ አይደለሁማ! ጎረቤቱ ሙሽራዋ ደንቆሮ ናት ብሎ ደመደመ። አንዷ ሴትዮ እንዲያውም ለጆሮዬ የጤና አዳም ቅጠል አሽታ አመጣችልኝ። ባለቤቴ ብልጥ ነው፤ እናቱ ፊት «ስሚ» ይለኛል፣ ብቻችንን ስንሆን በስሜ ይጠራኛል። ከሁለታችንም ጋር ሰላም ነው።

እናቴ ይህን ሰምታ መጣች። ጓዳ አስገብታ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ስም ምን ይሠራልሻል? ይለብሱታል፣ ይበሉታል? ይመልሱሽና ጉድሽን አያለሁ!» አለችኝ። መመለስ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ከአማቷ ቤት የተመለሰች ሴት ገበያ ስትወጣ ስንት ዓይን እንደሚከተላት አይቻለሁ። ፈራሁ። ግን እልህ ይዞኛል፣ ምን ላድርግ?

እንዲህ እንዳለን በበጋ፣ አንድ ጠዋት፣ ከምንጃር የመጣ ጤፍ ወንዝ ሲሻገር ርሶ ኖሮ ግቢው ውስጥ የበሬ ቆዳ ጀንዲ ላይ አሰጣነው። ግማሽ ዳውላ ይሆናል። አማቴ የግቢው በር ላይ ከአንድ የሁሩታ ነጋዴ ጋር ስንዴ ይዋዋላሉ፤ እኔ ጓዳ ጥጥ እፈትላለሁ። የአዳማን የበጋ አውሎ ነፋስ የማያውቅ ካለ ልንገረው፦ ከሜዳው ላይ ቀጥ ብሎ ይነሳና ግቢ መርጦ የሚገባ ነው የሚመስለው። አማቴ ከሩቅ አዩት። ባወጡልኝ ስም ጮኹ።

«ስጡን! ስጡን ክደኚው!»

ሰማሁ። ጥርት አድርጌ ነው የሰማሁት። እንዝርቴን አላቆምኩም። በስሜ ይጥሩኝ አልኩ በሆዴ። እንደገና ጮኹ። እኔም እንደገና አሾርኩ።

ወዲያው ቤቱ ጨለመ፣ ክዳኑ ተንጓጓ፣ አፌ ውስጥ ሳይቀር አሸዋ ገባ። ሲያልፍ ወጣሁ። ጀንዲው አጥሩ ላይ ተሰቅሏል። ጤፉ የለም። ጤፍ እንደሆነ ከደረቀ ከአቧራ እኩል ነው፣ ነፋስ ይዞት ከሄደ ሄደ። ሩቡ እንኳ መሬት ላይ አልቀረም፤ የቀረውም ከአፈር ተቀላቅሏል። የሁሩታው ነጋዴ አፉን በእጁ ይዞ ቆሟል። በቃ፣ አለቀልኝ፣ ዛሬ ተመለስኩ አልኩ።

አማቴ መጡ። መሬቱን አዩ፣ እኔን አዩ። ጩኸት ጠብቄ አንገቴን ደፋሁ።

«ወንፊትና መጥረጊያ አምጪ» አሉ።

ነጋዴውን ሸኝተው መጡና ተንበረከኩ። እኔ እጠርጋለሁ፣ እሳቸው ይነፋሉ። ብዙ ሰዓት ሠራን። ፀሐዩ ዘወር ሲል፣ ቀና ሳይሉ፣ «ሰምተሽኝ ነበር?» አሉኝ።

ብዋሽ እችል ነበር። የደንቆሮነቱ ወሬ ተዘጋጅቶልኛል። «ሰምቻለሁ እማማ» አልኳቸው።

«አውቄያለሁ።» ወንፊቱን ነቀነቁ። «እኔ ዓመት ሙሉ ነው ያልመለስኩት።»

«ምኑን?»

«አማቴ ሲጠሩኝ። አሥር ዓመቴ ነበር፣ ቢበዛ አሥራ አንድ። ዓመት ሙሉ አቤት አላልኩም። በኋላ አንድ ቀን በጣም ርቦኝ ለምሳ ሲጠሩኝ ሳላስበው መለስኩ። በዚያው ቀረሁ።»

የሚስቁ መስለው ነበር፣ ግን አልሳቁም። ይህን ሁሉ ጊዜ የማውቃቸው በአንድ ስም ነው፤ ገበያው ሁሉ የሚጠራቸው በሱ ነው። የሌላ ሰው ስጦታ መሆኑን አንድም ቀን አላሰብኩም።

«ቀድሞ ማን ነበር ስምዎ?» አምልጦኝ ነው።

«ተይው።»

ተውኩት። አንድ ወንፊት ሙሉ ነፍተው ሲጨርሱ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው፣ «ካፊያ» አሉ።

የተወለዱት በክፉ ቀን ነው። ከብቱ አልቆ፣ ሰማዩ ተዘግቶ፣ ሰው ሥራ ሥር በሚበላበት ጊዜ። እሳቸው የተወለዱ ዕለት ካፊያ ጣለ፤ ዝናብ አይባልም፣ ዶሮ የማያስጠልል። አባታቸው ግን ራሱን ገልጦ ውጭ ቆመበት፤ ፊቱ ረጥቦ ገብቶ «ካፊያ ትባል» አለ። አባትየውም፣ እናትየውም፣ ታላላቆቻቸውም ከዳሯቸው በኋላ በተስቦ ሞቱ።

«አሁን በዚያ ስም የሚጠራኝ የለም» አሉኝ። «የሚያውቁት ታላላቆቼ አለቁ። ታናሽ ደግሞ በምን አፉ ታላቁን በስም ይጠራል?»

ልክ ናቸው። እኔስ ብሆን? አማትን በስም መጥራት! ሰማይ ቢደፋ አላደርገውም። አንጀቴን በሉት፤ ጤፉ ሳይሆን ያ ነው ያስለቀሰኝ። እሳቸው ለጤፉ መስሏቸው «ተይ፣ እህል ይመጣል» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከግቢው በር በስሜ ጠሩኝ። አባቴ ባወጣልኝ ስም፣ ያውም ጎረቤት ሁሉ እየሰማ። «አቤት!» ብዬ ስሮጥ በሩ ላይ የነበረ ማሰሮ ሰበርኩ። እሰይ፣ ይሰበር! ሰፈሩ ምራቲቱ አማቷን አሸነፈቻት ብሎ ስንት ጊዜ አወራ። እሳቸው ሲወራ እየሰሙ በስሜ መጥራታቸውን አልተዉም። ደስታዬን የት ላግባው? ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር። የእኔን መለሱልኝ፤ የእሳቸውን ማን ይመልስላቸው?

በዓመቱ በየካቲት ሴት ልጅ ወለድኩ። ጎረቤቱ ተሰብስቧል፤ የልጅ ልጅ ስም ማውጣት የእሳቸው ነው፤ ያሰቡትም ስም እንደነበራቸው ፊታቸው ይናገራል። አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ «ስሟ ካፊያ ነው» አልኩ።

ሴቶቹ ሳቁብኝ። «በዚህ ፀሐይ? የት ያየሽውን ካፊያ ነው?» አማቴ ብድግ ብለው ወጡ። አስቀየምኳቸው አልኩ። ቆይተው ሲመለሱ ፊታቸውን ታጥበዋል። ልጅቷን ከእቅፌ ወስደው ለሴቶቹ «ጥሩ ስም ነው» አሉ። የማን ስም እንደነበር ለማንም አልተናገርንም፤ ባለቤቴ እንኳ አያውቅም።

ያው የሳቁብኝ ሴቶች ናቸው ስሙን የወሰዱት። አቧራ በሚበላን አገር ስሙ ሲጠራ ደስ ይላል መሰለኝ። የጣቢያው ዘበኛ ሚስት ለልጇ አወጣችው። ያ የሁሩታ ነጋዴ ስንዴ ሊያራግፍ መጥቶ ሰማና ከባዶ ጆንያው ጋር ወደ አገሩ ይዞት ሄደ። ሦስተኛዋ የሰፈራችን ካፊያ ክርስትና ስትነሳ አማቴ ድግሱ ላይ ተገኝተው ነበር፤ ስሟ በተጠራ ቁጥር ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ይስቡ ነበር። እሳቸው ራሳቸው ግን ልጄን «እናቴ» ነው የሚሏት፤ በስሟ ጠርተዋት አያውቁም።

ልጄ መራመድ እንደጀመረች ቤት አልቀመጥ አለች። አንድ ቀን በሩ ክፍት ኖሮ ዶሮ ስታባርር ወደ ሐዲዱ አቅጣጫ ስትሮጥ አየኋት። ነፍሴ ወጣች። እስከዚያ ቀን ቤት ውስጥ በቀስታ እንጂ ጮክ ብዬ ጠርቻት አላውቅም።

«ካፊያ!» ብዬ ጮኽኩ ባለኝ ጉልበት።

«አቤት!»

መልሱ የመጣው ከእህል ጎተራው ነው። አማቴ ወንፊት እንደያዙ እየሮጡ ወጡ፣ የተጠራች ልጅ እንደሚሮጠው። ግቢው መሃል ሲደርሱ ምን እንዳደረጉ ገባቸው፤ ቀጥ ብለው ቆሙ። ልጄ ዶሮዋን ትታ ወደ እኛ ዞራለች። እኔና እሳቸው ተያየን፤ ከዚያ እንዴት እንደሳቅን! እንባቸው እየወረደ ይስቃሉ።

ከዚያ በኋላ ልጄን አጠገቤ ቁጭ ብላም ቢሆን ጎተራው ድረስ እንዲሰማ ጮክ ብዬ እጠራት ነበር።