ሲነቃ ሁሉን የሚረሳው መዝገቤ

በንፋስ መውጫ የኮምፒውተር ሊቅ የምባለው ፕሪንተር ውስጥ የተወተፈ ወረቀት ማውጣት ስለምችል ነው። ሹመቱ ራሴ ላይ ወጣና የገበሬዎች ማኅበሩን የስንዴ ዘር ፈላጊዎች መዝገብ ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሠራሁ። ላፕቶፔ ላይ አንድም ቀን አላሳፈረኝም። ከዚያ ስሞቹ ከሚቀመጡበት ዳታቤዝ ጋር ክላውድ ላይ፣ ማለትም ሩቅ አገር ባለ የሰው ኮምፒውተር ላይ፣ በነፃ ጫንሁትና «ከእንግዲህ ወረቀት ይቅር» ብዬ አወጅሁ።

ግንቦት ሃያ አንድ፣ ለማርያም፣ በሬ ስለማይጠመድ ገበሬው ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ቢሮ መጣ። ስሙን እየጻፍሁ፣ «መዝግብ» የሚለውን እያንዳንዱ በራሱ ጣት ታብሌቱ ላይ እንዲጫን አደረግሁ፤ ነገሩ ክብር እንዲኖረው ብዬ። በማግስቱ ሁሉም እርሻ ወረደ። ያ የሩቅ አገር ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ደግሞ ነፃ ስለሆነ ጠያቂ ሲያጣ ይተኛል። ሃያ ሦስት፣ ለጊዮርጊስ፣ የቀሩትን ልመዘግብ ስከፍተው ነቃ፤ አንድም ስም የለም።

ጥፋቱን ለማግኘት አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሰርቨሩ ነቅቶ ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር ስሞቹ የሚጻፉባቸውን ሰንጠረዦች አፍርሶ እንደ አዲስ እንዲሠራ ያዘዝሁት እኔው ነኝ። ላፕቶፔ ላይ ስሞክረው ባዶ ሰንጠረዥ ደስ ይለኝ ነበር፤ ወደ ክላውድ ስሰደው ያችን አንዲት መስመር መለወጥ ረሳሁ።

ዝርዝሩ በማግስቱ ካልተላከ ዘር አይመጣም። ታዲያ ሊቁ ምን አልሁ? «ኔትወርክ ነው!» ሁሉም አመነኝ፤ እኛ ዘንድ ኔትወርክ ያልሠራው ኃጢአት የለም። መስመሯን አስተካከልሁ፣ በየቀበሌው ተደወለ፣ ሰው በእግሩ ተመልሶ ተሰለፈ። እኔም አብሬ ኔትወርክን ስረግም ዋልሁ።

ከሰዓት በኋላ ባላቸው የሞቱባቸው፣ መሬታቸውን በእኩል የሚያሳርሱ አንዲት ባልቴት ደረሱ። ከሰልፉ ወጥተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ለሰው እንዳትነግርብኝ። ያን ለት ጣቴ ሻካራ ነውና እንቢ ቢለኝ ደጋግሜ ጫን ጫን አደረግሁት። የሰዉን ሁሉ ስም ያጠፋሁት እኔ ነኝ። መንገዱን ሙሉ እመቤቴን ስለምን መጣሁ።»

አፈርሁ። ተነሥቼ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ፣ «ኔትወርክም አይደለም፣ እርስዎም አይደሉም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልሁ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ይሁና! በል ቶሎ መዝግብ፣ ሊመሽብን ነው» አሉ።

የባልቴቷን ስም ጽፌ ታብሌቱን አቀረብሁላቸው። ብለምናቸውም እጃቸውን ከነጠላቸው ውስጥ አላወጡም።

«አንተው ተጫንልኝ» አሉ።