የእናቴ ፀጉርና የጉማራ ዓሣ

ወረታ መናኸሪያ በር ላይ ንፍሮ የምትሸጠው ሴትዮ የድስቷን ክዳን ስታነሳ የተቀቀለ ሽምብራ ሽታ ይመጣና፣ ከሥራ ደክሞኝ ስወጣ ይዤው የነበረውን ሐሳብ ሁሉ በትኖ፣ ጉማራ ወንዝ ዳር ወዳለው ቤታችን ይወስደኛል። ለሌላው ሰው ሽምብራ መክሰስ ነው። በእኛ ቤት ግን ክረምት ሲሆን ሽምብራ የዓሣ ቀለብ ነበር፤ የእኛ ተራ የሚደርሰው ዓሣው ከበላ በኋላ ነው።

በበጋ ስለ ዓሣ የሚያስብ አልነበረም። አባቴ አንድ በሬ ነበረው፣ የእናቴ ወንድም አያ ሙጨም አንድ፤ ሁለቱን አቀናጅተው የእኛንም የእሱንም መሬት በየተራ ያርሱ ነበር። አያ ሙጨ ሚስትም ልጅም ስላልነበረው ምርት ሲገባ ከድርሻው ቆንጥሮ ጎተራችን ላይ ይጨምርልን ነበር፤ እናቴም ከእሱ ሌላ ወንድም እህት የሌላት ነበረችና ስሙን ሳትጠራ አትውልም ነበር።

ክረምት ገብቶ ጉማራ ሲደፈርስ ነጩ ዓሣ ከጣና ወደ ላይ ይወጣል፤ ያኔ አባቴ መንጠቆዎቹን ከማገሩ ላይ አውርዶ ማሰር ይጀምር ነበር። ሌላው ሰው ምግቡን መንጠቆው ላይ ይሰካል። እሱ ግን ከመንጠቆው ጎባጣ ጀርባ አጭር ፀጉር አንጠልጥሎ፣ በደንብ የበሰለ ሽምብራ በመርፌ በስቶ ፀጉሩን ያሳልፍበትና፣ እንዳይሾልክ ጫፉ ላይ የሰንበሌጥ ቁራጭ ይቋጥርበት ነበር። ብረቱ ባዶውን ይቀራል። ዓሣው ሽምብራውን መጥጦ፣ አጣጥሞ፣ ሊተፋው ሲል መንጠቆው ከንፈሩን ይይዘዋል። አባቴ «ዓሣ እንደ አማት ነው፤ ሳይቀምስ አያጣጥልም» እያለ እናቴን ያናድዳት ነበር። ፀጉሩ ከረዘመ ዓሣው ሽምብራውን ይዞ ይሄዳል፣ ካጠረ ብረቱን ይጠረጥራል፤ ስለዚህ አባቴ ልኩ እስኪመጣለት አስሮ ይፈታል፣ ፈቶ ያስራል፤ እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሽምብራ እየበሳሁ የተሰነጠቀውን ወደ አፌ እጥል ነበር።

ፀጉሩ የእናቴ ነበር። ክር ውኃ ሲነካው ያብጣል፣ የፈረስ ጭራም ይገተራል፤ የእሷ ፀጉር ግን ሦስት ሦስት ሆኖ ሲጎነጎን ውኃው እንደወሰደው ይሄዳል። ሹሩባዋን ፈትታ ስታበጥር ሚዶው ላይ የቀረውን ጠቅልላ ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ትሸጉጠው ነበር፣ ፀጉር ሜዳ ላይ አይጣልምና፤ አባቴም የሚወስደው ከዚያ ነበር።

አንድ ዓመት፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ አያ ሙጨ በወባ ሞተ። እናቴ ፀጉሯን ተላጨች፤ የተላጨውንም በአሮጌ ነጠላ ቋጥራ ከራስጌዋ አኖረችው። የሐዋርያት ጾም እንደተፈታ የእሱ በሬ ለተዝካሩ ታረደ፣ ጎተራ ውስጥ የነበረውም እህል ጠላና እንጀራ ሆነ። አገሩ በልቶ ጠጥቶ መርቆን ሄደ፤ እኛም ካልታረሰ መሬት፣ ጥንድ ካጣ በሬና ለመስከረም ዘር ከተቀመጠ ሽምብራ ጋር ቀረን።

ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ የነበረው ፀጉር አልቆ ነበር። አባቴ ቋጠሮው የት እንዳለ ያውቃል፣ ግን ወደዚያ ቀና ብሎ እንኳ አላየም። ከጎረቤት የፈረስ ጭራ ለምኖ አሰረ፤ አሳጠረ፣ አስረዘመ፣ ሰነጠቀና አቀጠነ። ጠዋት ሄዶ ማታ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። ዓሣው የናቀውን ሽምብራ እኛ በላነው፤ የምንበላው ዘራችንን መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ማልቀስ ትቶ መተኛት አበዛ። እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ከመደቧ ተነሥታ፣ ቋጠሮውን አምጥታ አባቴ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው። አባቴ እጁን ሰበሰበ። «ይሄማ የሐዘን ነው፤ ነውር ነው» አላት።

«ሙጨ ቢኖር ልጆቸን አያስርብም ነበር» አለች። «እንኩ፣ ይሥሩበት።»

ድምፅዋ ውስጥ ልቅሶ አልነበረም፣ ድካም ብቻ ነበር። አባቴ አማተበና ቋጠሮውን ፈታ፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲያስረው የኖረውን የመንጠቆ ውል ያን ቀን ደጋግሞ ሳተው። በማግስቱ ሁለት ትልልቅ ነጭ ዓሣ በገመድ አንጠልጥሎ መጣ፤ አንዱን ወረታ ወስዶ በዱቄት ለወጠው፣ አንዱን እናቴ ወጥ ሠራችው። እሷ ሆዴን አሞኛል ብላ አልቀመሰችም። እኛ ልጆች ነን፣ አጥንቱን ሳይቀር መጥጠን በላን።

መስከረም ላይ ጎርፉ ከሜዳው ሲሸሽ ጎረቤት በደቦ አርሶልን የተረፈውን ሽምብራ ዘራን። በእናቴ ጥቁር ሻሽ ሥር ፀጉሯ እንደ ጤፍ ቡቃያ ብቅ ማለት ጀምሮ ነበር።

ዛሬ ጉማራ ዳር ሞተር ለሩዙና ለሽንኩርቱ ውኃ ሲስብ ይውላል፤ ዓሣውንም ገና ከሐይቁ ሳይወጣ መረብ ይቀበለዋል፣ መንጠቆ የሚያስር ሰው አላይም። አባቴ ባለፈው ዓመት አረፈ። እናቴ ሽበቷን ተላጨች፤ እኔ የከተማዋ ልጇ ጥቁር ሻሽ ብቻ አሰርኩና ከመሥሪያ ቤት የተፈቀደልኝን ቀን አልቅሼ ጨረስኩ። ያን የረሃብ ክረምት እናቴ በዕድሜ ከዛሬዋ እኔ ታንስ ነበር። ልጅ ሆኜ የማይደክማት ትመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ዱቄቱም ዘይቱም ከደጄ ሱቅ እየተገዛ፣ እኔ ገና ሳይመሽ ዝያለሁ። ያኔ ወደ ሥራዬ ልመለስ ልሰናበታት ስገባ መደቡ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ራሷ ባዶ፣ ዓይኗ አብጦ፤ ምን ብዬ እንደማጽናናት ስፈልግ ቀደመችኝ።

«እህል ቀምሰሻል?» አለችኝ።