ሰደቃ ያወጣሁለት ባሌ

ፊልሙ የፖላንድ ነው፤ ንግግሩ በአማርኛ ከታች ይጻፋል። ባሌ ፈጥኖ ስለሚያነብ አንዳንዴ ቀድሞ ይነግረኛል። ከጦርነት የተመለሰ ወታደር ከባቡር ሲወርድ ሚስቱ ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ወዲያ ግን አንድ አልጋ ላይ ጀርባ ተሰጣጥተው ነው የሚተኙት። ባሌ ሪሞቱን አንስቶ ድምፁን ቀነሰው።

«እኔ የመጣሁ ቀን ምን ታደርጊ ነበር?» አለኝ።

«ምስር እለቅም ነበር።»

«አይተሽኝም ለቅመሽ ጨረስሽ እኮ።»

እውነቱን ነው፤ ጨርሻለሁ። ምን ላድርግ? ጦርነቱ ወደ ውጫሌ ሲቃረብ ዘመተ። አብሮት የነበረ ሰው፣ ባልሽ ተመትቶ ሲወድቅ አይቻለሁ ብሎ በአላህ ማለ። ሬሳ ባይኖርም በሩቅ ተሰገደበት፣ ሰደቃ አወጣሁለት፣ የባል ሐዘን ጊዜዬን፣ ዒዳም ተቀመጥኩ፤ አራት ወር ከአስር ቀን ኩል ሳልኳል፣ ሒና ሳልነካ። ዒዳዬ ሲያልቅ እንባዬም አለቀ። እሱ ለካ ተማርኮ ኖሮ ከዓመት በኋላ በእግሩ ከች አለ። ጎረቤቱ ሁሉ እልል ሲል እኔ ምስሬን ጨርሼ እንደ እንግዳ ዳር ቆምኩ።

ፊልሙን ባየን በሳምንቱ ያጋቡንን ሸህ ይዞ መጣ። ሸሁ ሌላ ስላላገባሁ ኒካችን፣ የጋብቻ ውላችን፣ እንዳልፈረሰ ነገሩን፤ ምንም አያስፈልግም አሉ። ባሌ ግን አሻፈረኝ አለ።

«አፉ በሉኝ ሸሁ፤ እሷ ቀብራኛለች። ኒካው እንደ አዲስ ይታሰር፣ ፈቃዷን ትጠየቅልኝ።»

ሸሁ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ያኔ ስትዳሪ ልጃገረድ ነበርሽና ዝም ስትዪ እሺ ብላለች ተባለ። አሁን ዝምታሽ አይበቃም፤ በአፍሽ ትናገሪያለሽ» አሉኝ።

ያኔ ዝም ያልኩት ደስታ አፌን ይዞኝ ነው። አሁን ውስጤን ብዳብሰው ፍቅርም የለ፣ ጥላቻም የለ። የፈራሁት ይኼንኑ ነው። እሺ ብል ውሸት፣ እምቢ ብልም ውሸት። ባሌ መሬት መሬቱን ያያል።

«የሞተውን ወድጄው ነበር» አልኩት። «አልቅሼ ሸኝቼዋለሁ። አንተን ገና አላወቅሁህም። እሺ ማለት አልቻልኩም፤ ሂድ ማለትም አልቻልኩም።»

ሸሁ «አላህ ልብሽን ይመልስልሽ» ብለው ተነሡ። ባሌ ሸኝቷቸው ተመለሰና ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ጓዳ ገባ።

«እስክትነግሪኝ እዚህ ነኝ» አለ።

ብርድ ልብስ ሰጠሁት። ይኸው ስድስተኛ ወራችን ነው። በየማለዳው በበሩ ብቅ ብሎ «እንዴት አደርሽ?» ይለኛል። «አልሐምዱሊላህ» እለዋለሁ። ትንሽ ቆም ብሎ ይጠብቃል፤ ከዚያ ወደ ሥራው ይሄዳል።