ሽምግልና የሄደው የሰልባጅ ኮት

ሰልባጅ ርካሽ ነው የሚል ሰው ወይ ገዝቶ አያውቅም ወይ ሻጭ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው፤ ቀን ብረት ስበይድ ውዬ ማታ ከጎረምሶች ጋር አግዳሚ ላይ ተጣብቄ። ከዚያ በፊትም ሰው ሲያታልለኝ አውቅ ነበር። ከትምህርቱ ያተረፍኩት እንዴት እንደተታለልኩ መጻፍ መቻሌን ነው።

የእህቴ ልጅ አንዲት ልጅ ወደደና ሽማግሌ ላኩልኝ አለ። አባቱ በሕይወት ስለሌለ አንዱ ሽማግሌ እኔ መሆን ነበረብኝ። እህቴ እያለቀሰች፣ ይህችን ልጅ ካላገኘ ልጄ አይተርፍልኝም አለችኝ። እውነትም ምግብ ትቶ ከስቶ ነበር። እኔን ያሳሰበኝ ግን ልብሴ ነው። የነበረኝን አንድ ጃኬት የብየዳ ፍንጣሪ በሳስቶት ወንፊት አስመስሎታል። ወንፊት ለብሶ የሰው ልጅ አይጠየቅም።

ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሄድኩ፤ መሬት ላይ ሸራ ዘርግቶ ሰልባጅ ከሚሸጥ ሰውዬ ዘንድ። አንድ ግራጫ ኮት አነሳሁ። ብብቱን አሸተትኩ፣ ገበሩን ገለበጥኩ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሳብኳቸው። ሰውዬው መቶ ሃያ አለ። አርባ አልኩ። የጣሊያን ነው አለኝ። የሞተ ጣሊያን ነው አልኩት። ከዚያ ሁላችንም እንደምናደርገው ኮቱን ጥዬ ሄድኩ። ደንቡ የታወቀ ነው፤ ገዢ ጥሎ ይሄዳል፣ ሻጭ ደግሞ ና እስቲ፣ ስንት ጨመርክ ብሎ ይጠራዋል። እየተንቀረፈፍኩ ሄድኩ። አልጠራኝም። ቆሜ የጫማዬን ክር ፈትቼ እንደገና አሰርኩ። አልጠራኝም። ጥጉ ጋ ደርሼ ዞር ስል ሌላ ሰው የኮቴን ብብት እያሸተተ ነው። ሮጬ ተመለስኩ። ሮጦ የተመለሰ ሰው የሚከራከርበት አፍ የለውም። በዘጠና ብር ገዛሁት።

እኔ በምኖርበት ጌጃ ሰፈር ደግሞ አዲስ ነገር ይዞ ዋጋውን ሳይጠየቅ ቤቱ የሚገባ ሰው የለም። ልብስ ሰፊው ኮሌታውን ገልብጦ አየና ተበልተሃል አለኝ። ሜክሲኮ ባንክ ቤት የሚሠራው ጎረቤቴ በነጻ ነው አለ። ሚስቱ፣ ዶሮ ቢገዛበት ኖሮ እንቁላል ትጥልለት ነበር አለች።

እሁድ ጠዋት ሦስት ሆነን ሄድን፤ የእድራችን ሊቀመንበር፣ አንድ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ እና እኔ። የልጅቷ አባት ነጋዴ ነው ተብዬ ነበር። የምን ነጋዴ እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም። ለካ ሰልባጁን በየቦንዳው እንደታሰረ ተረክቦ ለእነዚያ ሸራ ዘርጊዎች የሚያከፋፍለው እሱ ነው። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥምና ቆመን፣ ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው ንግግራቸውን ጀመሩ። ሰውዬው አልሰማቸውም። ዓይኑ ኮቴ ላይ ነው። ተነስቶ መጣና እጅጌዬን በሁለት ጣቱ ፈተግ ፈተግ አደረገ፣ ገበሩን ገልጦ አየ።

"ወንድሜ፣ ይቺን ስንት ገዟት?"

እኔ አፌን ሳልከፍት ሊቀመንበሩ ቀደሙኝ። ዘጠናውን ነግሬያቸው ነበር፤ ቤተሰቡ ገንዘብ አያያዝ ያውቃል ለማለት ነው መቼም።

"አርባ ብር። እሱ ሲገዛ ለጉድ ነው።"

የሰውዬው ፊት ጠቆረ። በአርባ ብር ከተሸጠ እኮ እሱ ከሚያስረክብበት በታች ነው። ስለዚህ ወይ ከመጋዘኑ የሚሰርቀው አለ፣ ወይ ገበያውን ሊያበላሽ የመጣ አለ። ማነው ሻጩ? የት ነው የሚዘረጋው? ጸሐፊው በትሕትና፣ ወደ ልጅቷ ጉዳይ ብንመለስ አሉ። ልጅቷ የትም አትሄድም፣ የሚያስቸኩለው ኮቱ ነው አላቸው። በመጀመሪያ ቀን እሺ እንደማይባል፣ ቀጠሮ ተሰጥቶን እንደምንወጣ እናውቅ ነበር። የእኛ ቀጠሮ ግን፣ ለሚቀጥለው እሁድ ኮቱን የሸጠውን ሰውዬ ይዛችሁ ኑ የሚል ሆነ።

በሳምንቱ ውስጥ ጠመንጃ ያዥ ተመለስኩ። ሻጩ ኮቱን ልመልስ የመጣሁ መስሎት አላውቅህም አለኝ። ነገሩን ሳስረዳው ደግሞ፣ በአርባ ሸጥኩ ብዬ ስሜን አላጠፋም አለ። ሊቀመንበሩን፣ እውነቱን እንናገርና እንገላገል ብላቸው፣ የሽማግሌ ቃል አይታጠፍም፣ አርባ ብለናል አርባ ነው አሉ። የእህቴ ልጅ በዚህ ሁሉ መሐል ሱሪውን በገመድ ማሰር ጀምሯል። ልጁ በአርባ ብር ሊያልቅ ነው።

እሁድ እንደገና ሄደን ቆምን። ሰውዬው ከኋላችን አየና ሻጩን አጣው። ሊቀመንበሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደምኳቸው።

"ዘጠና ነው የገዛሁት። ጥዬ ስሄድ አልጠራኝም። ሮጬ ተመለስኩ።"

"ሮጠው?"

"ሮጬ።"

ሰውዬው ጉልበቱን ይዞ ሳቀ። ሚስቱን ጠርቶ ድገሙላት አለኝ፤ ደገምኩ። ልጅቷንም ጠራት፤ ለእሷም ሦስተኛ ጊዜ ሮጥኩ። ገበያው አልተነካም፣ የሰረቀውም የለም። "ተበልተዋል እኮ!" አለኝ እንደ ምርቃት፣ ወንበርም ራሱ ሳበልኝ። ዋጋ መከራከር የማይችል ቤተሰብ ልጄን አያስቸግርም ብሎ ፈቀደ። እህቴ ስትሰማ እልል አለች። ሊቀመንበሩ ግን በእኔ አኩርፈው ብዙ ጊዜ ሰላምታ ነፍገውኛል።

የሙሽራውንና የሚዜዎቹን ሱፍ የት እንደምንገዛ መጠየቅም አላስፈለገም። ሰውዬው መጋዘኑ ድረስ ወሰደንና ዋጋውን ነገረኝ፤ ለዘመድ ነው ብሎ። እኔ እንደ ደንቡ ልብሱን አስቀምጬ ወደ በሩ ተራመድኩ። ይህኛው ጠራኝ።

"የት ይሄዳሉ? ምሳ ቀርቧል እኮ።"

ተመልሼ በላሁ። በልቼም ሱፉን ባለው ዋጋ ወሰድኩ። ጌጃ ሰፈር ስንት ገዛኸው ሲሉኝ፣ ከዘመድ ነው ብዬ አልፋለሁ።