የአለምወርቅ አፍ

ለደብረ ታቦሯ ደም መርማሪ ለአለምወርቅ የነገርካት ወሬ፣ አንተ ከተሳፈርክበት ሚኒባስ ቀድሞ ሐሙሲት ይገባል። አያ ይግዛው ከእብናት ድረስ ወደ ምርመራ ክፍሏ የመጡትም ይህን አምነው ነው።

«መክሊት፣ የልጄ እጮኛ፣ ትናንት እዚህ ተመርምራለች አሉ። ውጤቱን ሹክ በይኝ፤ ደህና ካልሆነች ሠርጉ ይቀራል።»

«እሷን ይጠይቋት።»

«አገር ስታሚ አልነበር የምትውይ? ዛሬ ምን ነካሽ?»

«የማማው ከዚህ በር ውጭ ነው፣ አያ።»

«ለኃላፊሽ እነግራለሁ።»

«ሦስተኛው በር ነው፤ ላድርስዎት። የምባረረውስ ብነግርዎት ነበር።»

ተናደው ሲነሱ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አንቱም አምና እዚህ ተመርምረው ነበር። እብናት ውስጥ የሰማ አለ?»

አያ ይግዛው ቆባቸውን አጠለቁና ሦስተኛውን በር ሳያንኳኩ አልፈው ወደ መናኸሪያ ወረዱ።