የበር ሥዕል በሰመራ ኮፒ ቤት

ኮፒ ቤት መሥራት የጀመርኩት አዋሽ፣ ከባቡር ጣቢያው ማዶ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ከተቀመጥኩ ብዙም አልቆየሁም ነበር። አባቴ የጣቢያው ዘበኛ ስለነበር የኮፒ ቤቱን ባለቤት ጋሽ አበራን ያውቃቸዋል። «ልጄ ዓይን አፋር ናት እንጂ ሥራ አትፈራም» ብሎ ሰጣቸው።

በመጀመሪያው ቀን ጋሽ አበራ የኮፒ ማሽኑን፣ ስካነሩንና ላሚኔሽኑን አሳዩኝ። ወረቀት ከመክተቴ በፊት እያራገብኩ እንዳላቅቀው አስተማሩኝ፤ ሳይላቀቅ የገባ ወረቀት ተደራርቦ ይጎተትና ማሽኑን ያንቀዋል። ይህ ቀላል ሆነልኝ። የከበደኝ ሰው ነው።

አንድ ሹፌር መንጃ ፈቃዱን ኮፒ ሊያስደርግ መጣ። የፊቱን ብቻ ነው ወይስ ጀርባውንም ብዬ ጠየቅኩት። አልሰማኝም። ደገምኩለት፤ ጆሮውን አስጠጋ፤ አሁንም አልሰማኝም። ጋሽ አበራ ከጥግ ሆነው «ወንድሜ አትድከም፣ የዚች ልጅ ድምፅ ከማራገቢያው ያንሳል» አሉና ተነሥተው ማራገቢያውን አጠፉት። ቤቱ ወዲያው እንደ ምድጃ ጋለ። ወረፋ የያዘው ሁሉ ጮኸ። ማራገቢያው ተመልሶ ተከፈተ፤ እኔም ተመልሼ ዝም አልኩ።

ሰዉ ሲወጣ ጋሽ አበራ የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ ደንበኛው ወንበር አዞሩት። «አንቺ መናገር ካቃተሽ እሱ ይናገርልሽ። የምትሠሪውን እያዩ ስህተት ካለ ይነግሩሻል» አሉኝ። የሥራዬ መንገድ ይህ ሆነ። ስም ስጽፍ ባለቤቱ እያየ ያርመኛል። ብዙ ቃል ሳላወጣ ብዙ ሰው አስተናገድኩ።

ቀስ በቀስ ከኮፒ ይልቅ የኢንተርኔት ጉዳይ በዛ። ሰው ለፓስፖርት ቀጠሮ፣ ለልደት ምስክር ወረቀት፣ ለንግድ ፈቃድ ይመጣል። ጋሽ አበራ አጠገቤ ወንበር ስበው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚመስሉ ገጾችን አሳዩኝ። ባንዲራ መለጠፍ ማንም ይችላል፤ ስትፈልጊ ከሁሉ በላይ የሚመጣልሽም ገጽ ወረፋውን በገንዘብ የገዛ ሊሆን ይችላል አሉኝ። አድራሻውን ከጭራው ጀምሬ እንዳነብ አዘዙኝ። ጭራው የሚባለው ከገጹ ስም በኋላ ከምትመጣው የመጀመሪያዋ ዘመም ያለች መስመር በፊት ያለው ነው። እዚያ ላይ የመንግሥት መለያ የሆነውን ‹ጎቭ ነጥብ ኢቲ› ካላየሁ እጄን ከኪቦርዱ እንዳነሣ፣ መሃል ላይ ጎቭ የሚል ተሰክቶ ቢገኝም እንዳላምነው ነገሩኝ። እንግሊዝኛ የማነበው ፊደል በፊደል ስለሆነ ከጭራ መጀመሩ አልከበደኝም።

ጋሽ አበራ ሰመራ ሁለተኛ ቤት ሲከፍቱ እኔን ላኩኝ። አባቴ በአውቶቡሱ መስኮት በኩል እጄን ይዞ «እዚያ ደግሞ ማን ይሰማሻል?» አለኝ። እየሳቀ ነበር፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል።

የሰመራ ሙቀት ከአዋሽ ይብሳል፤ ከሰዓት በኋላ ፕሪንተሩ እየጋለ ስለሚያስቸግር ጠዋት ጠዋት ነው ብዙ የምናትመው። በራችን ላይ ዳስ አለ፤ ሥሩ አግዳሚ ወንበር። አፋሮች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ ይህን ዳጉ ይሉታል። የሚናገረው ሰው ያየውን ከሰማው ለይቶ ይናገራል። ከማን እንደሰማም ይጠየቃል። የሚዋሽ ሰው ስሙ ይጠፋል፤ ያወቀውን የሚደብቅም እንዲሁ። እኔ ከውስጥ ሆኜ ስካን እያደረግኩ ሁሉንም እሰማለሁ። አፋርኛ የለመድኩት በዚያ ነው።

አንድ ጠዋት ኢድሪስ አክስቱን ይዞ መጣ። ኢድሪስ ሎጊያ ውስጥ ጎሚስታ ነው። ወደ ጂቡቲ የሚወጣና የሚወርድ ሹፌር ጎማ ሲያስለጥፍ እሱ ዘንድ ቁጭ ስለሚል፣ ኢድሪስ የሰማውን ነገር ሳይሰማ የሚያድር መንደር የለም። አክስቱ እማማ ሞሚና ከአፋምቦ ነው የመጡት። ለሐጅ የሚሄዱት ሰዎች መሪ፣ ፓስፖርቱ በጊዜ ያልደረሰለት ሰው ይቀራል ብሏቸዋል። እማማ ሞሚና ለዚህ ጉዞ ግመላቸውን ሸጠዋል። ጉልበታቸው እስከሚቀጥለው ዓመት እንደሚቆይ አላመኑም።

ኢድሪስ ስልኩን ዘረጋልኝ። «ይኸው ጽጌ፣ ገጹ ይኼ ነው። ቀጠሮ የለ፣ አሻራ የለ፣ ቤት ድረስ ያመጡታል። አንቺ መታወቂያዋንና የልደት ወረቀቷን ስካን አድርገሽ አስገቢልን፤ ክፍያውን እኔ በስልኬ እልካለሁ።»

ዳሱ ሥር የተቀመጡት ሰዎችም ወረቀታቸውን ይዘው ለዚያው ገጽ ነበር የመጡት። ኢድሪስ ለሹፌሮች፣ ሹፌሮቹ ለእነሱ ነግረዋቸዋል።

አድራሻውን ኮምፒውተሩ ላይ ጻፍኩና ገጹ ተከፈተ። ባንዲራ አለ፣ ዓርማ አለ፣ የፓስፖርት ሥዕል አለ። እማማ ሞሚና ፊታቸው በራ፤ «ማሻአላህ» አሉ። መታወቂያቸውን ስካነሩ መስታወት ላይ አስተኛሁና የገጹን ጭራ አነበብኩ። መሃሉ ላይ ጎቭ አለ፤ ጭራው ግን ሌላ ነው። ደግሜ አነበብኩት። ያው ነው።

እንደ ልማዴ ስክሪኑን ይበልጥ ወደ እሳቸው አዞርኩና አድራሻውን በጣቴ ጠቆምኩ። እማማ ሞሚና ያዩት ባንዲራውን ነው። «አዎ፣ አየሁት፣ ያምራል» አሉኝ። እስከዚያ ቀን ሲናገርልኝ የኖረው ስክሪን አሁን የሚዋሸው ራሱ ነው። ከኔ ሌላ የሚናገር አልነበረም።

መታወቂያውን ከመስታወቱ ላይ አነሣሁ። «ኢድሪስ፣ ይህን ማን ነገረህ?» አልኩት።

ኢድሪስ ደነገጠ፤ ከገጹ ይልቅ የኔ መናገር ይመስለኛል ያስደነገጠው። «ማንም አልነገረኝም። በዓይኔ ያየሁት ነው። ለሹፌሮቹም አየሁ ብዬ ነው የነገርኩት።»

«ምኑን አየህ?»

«ገጹን ነዋ።»

«በዚህ ገጽ ፓስፖርት የወጣለት ሰው አይተሃል?»

ስልኩን መልሶ አየው።

«አየሁ የሚል ሰውስ ሰምተሃል?»

ኢድሪስ ራሱን አከከ። ግሪስ የነካው ጣቱ ግንባሩ ላይ ጥቁር መስመር አሠመረ። እማማ ሞሚና ወደ እኔ ዞረው «አሻራ የምሰጠው የት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ገጹ አሻራ አይጠይቅም አልኳቸው።

«ጣቴን ሳያዩ ሞሚና መሆኔን በምን ያውቃሉ?» አሉ። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ኢድሪስ፣ አንተ በር አላየህም። የበር ሥዕል አይተህ ነው ግቡ ያልከን።»

ኢድሪስ ግንባሩን ሲጠርግ መስመሩን ፊቱን ሁሉ አዳረሰው። ወላሂ ክፉ አላሰብኩም አለ። ክፉ እንዳላሰበ ሁላችንም እናውቅ ነበር። በዳጉ ሕግ ሄዶ ያየውን ነው የተናገረው፤ ያየው ግን መሥሪያ ቤቱን አልነበረም።

እኔ ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ወደ ወንበሬ ስመለስ እማማ ሞሚና እጄን ያዙ። ወደ ዳሱ ወሰዱኝ። እርስዎ ይንገሯቸው ብዬ ለመንኳቸው።

«ያየሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ። «እኔ ብናገር ሰማሁ ነው የምለው። አንቺ አየሁ ትያለሽ።»

ቆሜ ተናገርኩ። አፋርኛዬ ሲሰበር አንድ ሽማግሌ በሳቅ እያቃኑልኝ፣ ስለ ጭራው፣ ስለ ጎቭ፣ ስለ አሻራው ነገርኳቸው። ያየሁትን አየሁ፣ ከጋሽ አበራ የሰማሁትን ሰማሁ አልኩ። ጋሽ አበራ ማን እንደሆኑ ጠየቁኝ፤ የኮፒ ቤቱ ባለቤት፣ አዋሽ፣ ጣቢያው ማዶ አልኳቸው። ሁሉም ሰሙኝ። ደጁ ላይ ማራገቢያ የለም።

ከዚያ ገብቼ ትክክለኛውን ገጽ ከፈትኩ። ኔትወርኩ ሲሄድ ሲመጣ ቆይቶ የእማማ ሞሚናን ቀጠሮ ያዝኩላቸው። ገጹን ለሁሉም አዞርኩትና ጭራውን እየተቀባበሉ አነበቡት።

ኢድሪስ ሎጊያ ተመልሶ ያደረገውን ሹፌሮቹ ነገሩኝ። የሚቆመውን መኪና ሁሉ፣ ጎማውን ከመንካቱ በፊት፣ «ባለፈው የሰጠሁህን ወሬ መልስልኝ፣ ቀዳዳ ነው» ይለው ነበር። ወሬው በአዳይቱ አልፎ አዋሽ ደረሰ። ጋሽ አበራ ስልክ ደውለው ሳቃቸው አላናግር አላቸው። አንድ ሹፌር አዋሽ ኮፒ ቤታቸው ገብቶ፣ ስለ ሐሰተኛው ገጽ ሰመራ ላይ አንዲት ልጅ ተናገረች ብሏቸዋል። ምን ዓይነት ልጅ ናት ብለው ሲጠይቁት፣ «ስትናገር ካልተጠጓት ድምፅዋ አይሰማም አሉ» አላቸው።

«ወሬው እውነት መሆኑን በዚህ አወቅኩ» አሉኝ ጋሽ አበራ። «ለአባትሽ አሁኑኑ ሄጄ እነግረዋለሁ።»

እማማ ሞሚና በቀጠሯቸው ቀን አሻራ ሊሰጡ ሲሄዱ ማሽኑ ጣታቸውን አላነብም አለ። ሰሌን ሲሠሩ ኖረው ጣታቸው ልሟል። ውሃ አስነክተው፣ ጠርገው፣ እየሳቁ እየደጋገሙ ሰጡ፤ በመጨረሻ ተቀበላቸው። ፓስፖርቱ መሪው ከቆረጠው ቀን በፊት ደረሰ። አሳዩኝና ላሚኔት ላስደርገው ወይ አሉኝ። አይደረግም አልኳቸው፤ አሁንማ ድምፄን አውጥቼ።

ከሐጅ ሲመለሱ የዘምዘም ውሃ ይዘውልኝ መጡ። ዳሱ ሥር ተቀምጠው ሰዉ ሁሉ ከበባቸው። ዳጉ ከመጀመራቸው በፊት ግን ወደ ውስጥ ተጣሩና እኔን አስወጡኝ። እንድጠይቃቸው እንደፈለጉ ገባኝ።

«ሐጃ ሞሚና፣ ማን ነገረዎት?» አልኩ።

«ማንም አልነገረኝም፤ በዓይኔ ነው ያየሁት።»

«ምኑን አዩ?»

«በሩን፤ የመካውን መስጊድ በር» አሉ። «ከበሩ ወዲያም ገባሁ፤ አልሐምዱሊላህ።»

ዛሬም እዚያው ቤት እሠራለሁ። ስክሪኑ አሁንም ወደ ደንበኛው ዞሮ ነው ያለው። ኮፒ ቤት ለምትሠሩ ልጆች የምለው ይህን ነው፦ ገጽ ማየት መሥሪያ ቤቱን ማየት አይደለም። አድራሻውን ከጭራው አንብቡ። ሐሰተኛ ሆኖ ካገኛችሁት መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ ደጅ ወጥታችሁ ለተቀመጠው ሰው ተናገሩ።